«ቀን አልነበረኝም»
በሆንግ ኮንግ ከሚሠሩ ፊሊፒናውያን እኅቶች የምንማረው ትምህርት

ይህ ትምህርት የሚጀምረው ከራሳችን ስሕተት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሥራ በሄድንበት በአንድ ወረዳ አንዲት እናት ቤታቸውን ሊያሳዩን ወሰዱን። የሣር ክዳን የነበረው ቤት ቆርቆሮ ለብሷል፤ ትንሹ ልጅ ትምህርት ቤት ገብቷል፤ በደጅም አንዲት የምትታለብ ላም ታስራለች። ይህ ሁሉ የሆነው በአረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራው ልጃቸው በምትልከው ገንዘብ ነበር። እኛም ደስ ብሎን የቆርቆሮውን ቁጥርና በየወሩ የሚላከውን ገንዘብ በማስታወሻችን ጽፈን፣ እግዚአብሔር ይመስገን ብለን ተመለስን።

በኋላ ልጅቱ ታማ ወደ አገሯ በተመለሰች ጊዜ ልንጠይቃት ሄድን። በሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ብቻዋን ከዚያ ቤት ደጅ ወጥታ እንደማታውቅ ነገረችን። «ታዲያ ችግርሽን ለምን ለሰው አልነገርሽም?» ብንላት፣ «ለማን ልንገር? ቀን አልነበረኝም» አለችን። እኛ ስለ ቆርቆሮው ጠይቀን ስለ እርሷ ቀን አልጠየቅንም ነበር።

ከዚያ ወዲህ በሰው አገር በቤት ሥራ ስለሚተዳደሩ ሰዎች ኑሮ ለማጥናት ተነሣን። ብዙ ትምህርት ያገኘነው ከፊሊፒንስ ሴቶች ነው። እነርሱ በቤይሩት፣ በሪያድና በዱባይ ከእኛ እኅቶች ጋር ጎን ለጎን ይሠራሉ፤ የሚደርስባቸውም ችግር ብዙውን ጊዜ አንድ ነው። ለአገራቸው ቅርብ በሆነችው በሆንግ ኮንግ ግን ሃምሳ ዓመት ያህል የቆየ ልምድ አላቸው፤ በዚያም አንድ ነገር በእጃቸው ይዘዋል፤ ይኸውም በሳምንት አንድ የእረፍት ቀን ነው። የዚህ ትምህርት ዓላማ ያ አንድ ቀን ምን እንደ ሠራ፣ ምንስ ሊሠራ እንዳልቻለ ማሳየት፣ ከዚያም ወደ ራሳችን መመለስ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ከማኒላ ወደ ሆንግ ኮንግ

ፊሊፒንስ ከሰባት ሺህ በላይ ደሴቶች ያሉባት አገር ናት። ሆንግ ኮንግ ከፊሊፒንስ ዋና ከተማ ከማኒላ በአውሮፕላን የሁለት ሰዓት ያህል መንገድ የምትርቅ ትልቅ የንግድ ከተማ ናት። እስከ 1997 በእንግሊዝ ስትገዛ ቆይታ በዚያው ዓመት ወደ ቻይና ተመልሳለች።

ከ1970ዎቹ ጀምሮ በሆንግ ኮንግ ፋብሪካውና ቢሮው እየበዛ ሲሄድ የከተማዪቱ ሴቶች ወደ ሥራ ወጡ። ስለዚህ ሕፃን የሚጠብቅ፣ ሽማግሌ የሚጦር፣ ምግብ የሚያበስል ሰው በየቤቱ ታጣ። በዚያው ዘመን በፊሊፒንስ ሥራ አጡ ብዙ ነበር። ፕሬዚዳንት ፈርዲናንድ ማርቆስ በ1974 ያወጡት የሠራተኛ ሕግ መንግሥት ዜጎቹን ለሥራ ወደ ውጭ አገር የሚልክበትን መንገድ ከፈተ። ለጊዜው ብቻ ይሆናል የተባለው ነገር ግን ቋሚ ኑሮ ሆነ። ይህን ሥራ የሚቆጣጠር መሥሪያ ቤት በ1982 ተቋቋመ፤ በ2021 መጨረሻ በወጣ ሕግ ደግሞ ራሱን የቻለ የስደተኛ ሠራተኞች ሚኒስቴር ተመሠረተ።

በ2023 መጨረሻ በሆንግ ኮንግ የነበሩት የውጭ አገር የቤት ሠራተኞች ከ350,000 በላይ ነበሩ። ይህም ከከተማዪቱ ነዋሪ ከሃያው ሰው አንዱን ያህል ነው ማለት ነው። ከእነርሱ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ፊሊፒናውያን ናቸው፤ አብዛኞቹ የቀሩት ከኢንዶኔዥያ የመጡ ናቸው። ሁሉም ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ሴቶች ናቸው። ከፊሊፒናውያኑ መካከል ኮሌጅ የተማሩ፣ በአገራቸው አስተማሪ የነበሩም ይገኛሉ። የራሳቸውን ልጅ ለአያት ትተው የሰው ልጅ ያሳድጋሉ።

2. የሥራ ውሉ ምን ይላል?

በሆንግ ኮንግ አንዲት የቤት ሠራተኛ የምትቀጠረው መንግሥት ባዘጋጀው አንድ ዓይነት የሥራ ውል ነው። አሠሪው ራሱ የፈለገውን ውል ሊጽፍ አይችልም። ውሉ የሁለት ዓመት ነው። አሠሪው የመምጫና የመመለሻ ጉዞዋን ይከፍላል፤ ምግብ ወይም የምግብ አበል ይሰጣል፤ መኝታ ያዘጋጃል፤ ስትታመም ያሳክማታል። መንግሥት በየጊዜው ዝቅተኛውን ደመወዝ ይወስናል፤ ከመስከረም 2024 መጨረሻ ጀምሮ ለሚፈረሙ ውሎች በወር 4,990 የሆንግ ኮንግ ዶላር እንዲሆን ተወስኖ ነበር።

ከሁሉ በላይ ግን ልናስተውለው የሚገባ አንድ ሐሳብ በዚያች ከተማ የሠራተኛ ሕግ ውስጥ አለ። ይኸውም ሠራተኛዋ በየሰባት ቀኑ ቢያንስ አንድ ቀን፣ ያለ ማቋረጥ ሃያ አራት ሰዓት፣ ማረፍ እንዳለባት የሚያዝዘው ነው። አሠሪ በዚህ ቀን በግድ ሊያሠራት አይችልም፤ ቢያደርግ በሕግ ይቀጣል። ይህ ሕግ ለከተማዪቱ ተወላጅ ሠራተኛና ለውጭ አገሯ ሴት በእኩልነት ይሠራል።

ይህን ስንል ሕጉ ሁልጊዜ ይጠበቃል ማለታችን አይደለም። ቀኗ ሳይሞላ ማታ በጊዜ እንድትገባ የሚያዝዙ፣ ጧት ቁርስ ሳትሠራ እንዳትወጣ የሚከለክሉ አሠሪዎች አሉ። በቀሩት ስድስት ቀኖችም የሥራ ሰዓት ወሰን የለውም፤ የከተማዪቱ ሕግ በቀን ይህን ያህል ሰዓት ብቻ ይሠራ ብሎ አይገድብም። ነገር ግን ሕጉ ስላለ ሠራተኛዋ «ይህ የእኔ ቀን ነው» ለማለት የሚያስችላት መቆሚያ አላት። ያቺ ከአረብ አገር የተመለሰች ልጃችን ያጣችው ይህን መቆሚያ ነው።

3. እሑድ በከተማዪቱ መካከል

ብዙዎቹ የሚያርፉት በእሑድ ነው። በዚያ ቀን ሴንትራል ወደሚባለው የባንኮች ሰፈር የሄደ ሰው የሚያየው ነገር ያስገርመዋል። በሥራ ቀን ባለ ከረባቶች የሚመላለሱበት ስፍራ በሴቶች ተሞልቶ ይውላል። ቻተር የተባለው መንገድ በእሑድ ለመኪና ይዘጋል። ሴቶቹ በመንገዱ ላይ፣ ስታቹ ስኩዌር በተባለው አደባባይ፣ በትልቁ የሆንግ ኮንግና ሻንጋይ ባንክ ሕንጻ ሥር ባለው ክፍት ወለል ላይ ካርቶን አንጥፈው ይቀመጣሉ። ከአንድ አውራጃ የመጡት በአንድ ስፍራ ይሰበሰባሉ፤ እያንዳንዱም ቡድን የታወቀ ቦታ አለው።

በዚያም ሩዝና ወጥ በአንድነት ይበላል። አንዷ የሌላዪቱን ጠጉር ትሠራለች። አንዷ በስልክ ልጇን የቤት ሥራ ታስጠናለች። አንዳንዶች ባሊክባያን የሚሉትን ትልቅ ሣጥን ያሽጋሉ፤ የቃሉ ትርጉም ወደ አገር ተመላሽ ማለት ነው። በሣጥኑ ውስጥ ሳሙና፣ ጫማ፣ ቸኮሌት፣ የታሸገ ሥጋ ለቤተሰብ ይላካል። አንዳንዶች ይዘምራሉ፤ አንዳንዶች በቤተ ክርስቲያን ውለው ከሰዓት በኋላ ይመጣሉ።

ለምን በመንገድ ላይ ይቀመጣሉ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ይኖር ይሆናል። መልሱ ቀላል ነው፤ የራሳቸው ቤት የላቸውም። የሆንግ ኮንግ መኖሪያዎች እጅግ ጠባብ ናቸው፤ ሠራተኛዋም በአሠሪዋ ቤት የምትተኛው ከሕፃናቱ ጋር ወይም በአንዲት ጥግ ሊሆን ይችላል። ሕጉ ከአሠሪ ቤት ውጭ ማደርን ስለሚከለክል የምታርፍበት ሌላ ስፍራ የላትም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የቻተር መንገድ በእሑድም ለመኪና እንዲከፈት ሐሳብ ቀርቦ ብዙ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ሴቶቹ ግን ስፍራቸውን አልለቀቁም።

4. ከዚህ ቀን የተገኘ ፍሬ

አንዲት ሠራተኛ በአንድ ቤት ውስጥ ለብቻዋ ስትሆን የሚደርስባት ነገር ሁሉ የእርሷ ዕድል ብቻ ይመስላታል። ደመወዟ ቢጎድል ሁሉም እንዲህ ነው የሚከፈላቸው ትላለች። በእሑድ ከጎኗ ከተቀመጠችው ጋር ስታወራ ግን «ለእኔ እንዲህ ይከፈለኛል፤ ለአንቺስ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። እውነቱ የሚገለጠው በዚህ ጥያቄ ነው። ከዚህ ቀጥሎ የምንዘረዝራቸው ነገሮች ከዚህ ጥያቄ የተወለዱ ናቸው።

ሀ. በ1981 በቅዱስ ዮሐንስ ካቴድራል ግቢ ለፊሊፒናውያን ስደተኛ ሠራተኞች የሚያገለግል የእርዳታ ጽሕፈት ቤት ተከፈተ። በዚያ ሠራተኞች ስለ ውላቸው ምክር ያገኛሉ፤ ክሳቸውንም ለማቅረብ ይረዳሉ። ስፍራው በእሑድ ከሚሰበሰቡበት ሜዳ በእግር ጥቂት ደቂቃ የሚያስኬድ ነው፤ ይህም ለሥራው ትልቅ ጥቅም ሆኖአል። እርዳታ ሰው በማይደርስበት ስፍራ ቢከፈት ማንን ይጠቅማል?

ለ. በ1986 ቤቱን *ቤቱን ሃውስ* ብለው የሰየሙት መጠጊያ ተቋቋመ። ከሥራ ተባርራ ወይም ተደብድባ የወጣች ሴት ጉዳይዋ እስኪታይ ድረስ ታርፍበታለች።

ሐ. የፊሊፒንስ መንግሥት በ1982 መጨረሻ ባወጣው ትእዛዝ የቤት ሠራተኞች ከደመወዛቸው ግማሹን በባንክ በኩል ወደ አገር እንዲልኩ አስገደደ። ሴቶቹ በእሑድ ተሰብስበው ተመካከሩ፤ ፊርማ አሰባሰቡ፤ ድምፃቸውንም አሰሙ። በ1985 ቅጣቱ ተነሣ። በዚያው ዓመት ከዚህ ትግል ውስጥ በሆንግ ኮንግ የተባበሩ ፊሊፒናውያን የሚባለው ኅብረት ተወለደ።

መ. በ2003 የሆንግ ኮንግ መንግሥት ዝቅተኛውን ደመወዝ ከ3,670 ወደ 3,270 ዶላር ዝቅ አደረገ። በሺህ የሚቆጠሩ ሠራተኞች በእሑድ በሰላም ሰልፍ ወጡ። ቅነሳው አልተሰረዘም፤ ነገር ግን ከ2005 ጀምሮ ደመወዙ እንደ ገና ቀስ በቀስ ከፍ እያለ ሄደ።

እንግዲህ እነዚህ ነገሮች የተገኙት ታላላቅ ሰዎች አስቀድመው ስላቀዱ አይደለም። በካርቶን ላይ ተቀምጠው ሩዝ የሚበሉ ሴቶች እርስ በርሳቸው ስለ ተነጋገሩ ነው። ለእነርሱ የእረፍት ቀን የሚያርፉበት ብቻ ሳይሆን የሚማሩበት፣ የሚመካከሩበትና የሚረዳዱበት ቀን ሆነ።

5. አንድ ቀን ብቻውን የማይፈታው ነገር

ነገር ግን ሆንግ ኮንግ ለሠራተኞች ገነት ናት ብለን እንዳንስት እንጠንቀቅ። ቢያንስ አራት ከባድ ሸክሞች እስከ ዛሬ አሉ።

የመጀመሪያው የሁለት ሳምንት ደንብ ነው። ከ1987 ጀምሮ ውሏ የተቋረጠባት ሠራተኛ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከከተማዪቱ መውጣት አለባት። አሠሪ ለመለወጥም ብዙውን ጊዜ ወደ አገሯ ተመልሳ አዲስ ቪዛ መጠበቅ ይኖርባታል። የበደላትን አሠሪ ብትከስስ ጉዳይዋ እስኪያልቅ ድረስ ሥራ መሥራት አይፈቀድላትም። ስለዚህ ብዙዎች በደሉን ችለው ዝም ይላሉ።

ሁለተኛው በአሠሪ ቤት የማደር ግዴታ ነው። ከ2003 ጀምሮ ይህ ደንብ ጠብቋል። የሥራው ስፍራና የማደሪያው ስፍራ አንድ ሲሆን ሥራው መቼ እንደሚያልቅ ማን ያውቃል?

ሦስተኛው እንግድነት የማያልቅ መሆኑ ነው። ሌላ የውጭ አገር ሰው በሆንግ ኮንግ ሰባት ዓመት ቢኖር ቋሚ ነዋሪነት መጠየቅ ይችላል። ከ1986 ጀምሮ በከተማዪቱ የሠራች ኢቫንጀሊን ቫሌሆስ የተባለች ፊሊፒናዊት ይህ መብት ለቤት ሠራተኞችም ይገባል ብላ ፍርድ ቤት ቆመች። በ2011 ተፈረደላት፤ በመጋቢት 2013 ግን የመጨረሻው ፍርድ ቤት አይገባም ብሎ ወሰነ። ስለዚህ አንዲት ሴት ሃያ ወይም ሠላሳ ዓመት ብትሠራም በየሁለት ዓመቱ እንግዳ ናት።

አራተኛው ዕዳ ነው፤ ይህ ለእኛ ለላኪዎች የሚነገር ነው። በሆንግ ኮንግ ሕግ ኤጀንሲ ከሠራተኛዋ ሊወስድ የሚችለው ከመጀመሪያ ወር ደመወዟ ከመቶ አሥር ብቻ ነው። ደመወዟ 4,990 ቢሆን 499 ዶላር መሆኑ ነው። የፊሊፒንስ መንግሥትም ከ2006 ጀምሮ ኤጀንሲዎች ከቤት ሠራተኞች የማስቀጠሪያ ገንዘብ እንዳይወስዱ ከልክሏል። ዳሩ ግን ደላሎች ስሙን ለውጠው የሥልጠና፣ የምርመራ፣ የወረቀት እያሉ ብዙ ገንዘብ ያስከፍላሉ፤ ከአበዳሪም ያገናኛሉ። ሴቲቱ ከአገሯ ሳትወጣ ዕዳ ይይዛታል፤ ከደረሰችም በኋላ የብዙ ወር ደመወዟ ለአበዳሪ ይሄዳል። ፓስፖርቷን ለአበዳሪ በመያዣ የምትሰጥም አለች። ዕዳ ያለባት ሴት የእረፍት ቀኗን በግድ ብትነጠቅ እንኳ መናገር ትፈራለች።

የኮሮና ወረርሽኝ በመጣ ጊዜ የእነዚህ ሸክሞች ክብደት ታየ። በ2020 መጀመሪያ የሆንግ ኮንግ መንግሥት ሠራተኞች በእረፍት ቀናቸው ከቤት እንዳይወጡ አሳሰበ። እቤት የዋለች ሠራተኛ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሥራ አታጣም። በ2022 መጀመሪያ በሽታው በበረታ ጊዜ በሽታው የያዛቸው አንዳንድ ሠራተኞች ከአሠሪዎቻቸው ቤት ወጥተው በብርድ ደጅ አደሩ። በዚያን ጊዜ ፈጥነው የደረሱላቸው እነዚያው በእሑድ የተመሠረቱት መጠጊያዎችና ማኅበሮች ናቸው።

6. በቤት የቀሩትስ?

በ2023 በልዩ ልዩ አገር የሚሠሩ ፊሊፒናውያን በባንክ በኩል ብቻ ወደ አገራቸው የላኩት ገንዘብ ከ33 ቢሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ ነበር። በዚህ ገንዘብ ልጆች ተምረዋል፤ በሽተኞች ታክመዋል፤ ቤቶች ተሠርተዋል። ይህን ማቃለል አይገባም።

ነገር ግን ገንዘቡ ሲመጣ ልማድም አብሮ ይመጣል። ወንድም ሥራ ይተዋል፤ የአጎት ልጅ ሞተር ብስክሌት ይጠይቃል፤ ለእያንዳንዱ ሠርግና ልደት ስልክ ይደወላል። ሴቲቱ እምቢ ማለት ያሳፍራታል። ሁለት ዓመት ብላ የሄደችው አራት፣ ከዚያም አሥር፣ ከዚያም ሃያ ዓመት ትሆናለች። ተመልሳ ስትመጣ በስሟ የተቀመጠ ምንም ገንዘብ አይኖርም። ልጆቿም ድምጿን እንጂ ፊቷን በደንብ አያውቁም።

ይህን የተረዱ ፊሊፒናውያን በሆንግ ኮንግ በእሑድ ስብሰባቸው የቁጠባ ቡድኖችን ማቋቋም ጀመሩ። ኡንላድ ካባያን የተባለ ድርጅት በ1996 በፊሊፒንስ ተመሥርቶ ሠራተኞች በኅብረት የቆጠቡት ገንዘብ በትውልድ ስፍራቸው ለሥራ መነሻ እንዲሆን ረድቷል። የሐሳቡ ፍሬ ነገር ግልጽ ነው፤ ከምትልኪው ላይ ጥቂቱን ለመመለሻሽ አስቀምጪ፤ ቤተሰብሽም ይህን አስቀድሞ ይወቅ። ለፕሮጀክት ሠራተኞቻችን ይህ ትልቅ ምክር ነው። የቁጠባ ማኅበር ስናቋቁም በመንደሩ ያሉትን ብቻ ሳይሆን በሰው አገር ያለችውንም አባል ልናደርጋት ይገባል።

7. ወደ ራሳችን ስንመለስ

ስለ ዕረፍት ቀን የተሰጠውን ትእዛዝ ሁላችን ከልጅነታችን ጀምሮ በቃላችን አጥንተናል። በዘጸአት ምዕራፍ 20 እና በዘዳግም ምዕራፍ 5 ደግመን ብናነበው ግን ዕረፍቱ ለማን እንደ ተሰጠ በዝርዝር ተጽፎ እናገኛለን። ለቤቱ ጌታ ብቻ አይደለም። ገረዲቱ በስም ተጠርታለች፤ በደጅ ውስጥ ያለው እንግዳም ተጠርቷል። በዘዳግም ደግሞ ምክንያቱ ተሰጥቷል፤ እስራኤል ራሳቸው በግብፅ አገር ባሪያዎች እንደ ነበሩ ማስታወስ ነበረባቸው። የደመወዝንም ነገር ብንጠይቅ ዘዳግም ምዕራፍ 24 ቁጥር 14 እና 15 ስለ ድሀና ስለ መጻተኛ ሠራተኛ ያዝዛል። እንግዲህ በሰው ቤት የምትሠራ የእንግዳ አገር ሴት የእረፍት ቀን ከዘመናችን የሠራተኛ ሕግ እጅግ አስቀድሞ የታሰበ ነገር ነው።

ስለዚህ አጥቢያዎቻችንና ፕሮጀክቶቻችን የሚከተሉትን እንዲያደርጉ እንመክራለን።

ከመሄዷ በፊት፦ ልጅቱን ስለ ደመወዟ ብቻ አንጠይቃት። ውሉን በምታውቀው ቋንቋ አንብባዋለችን? በሳምንት የእረፍት ቀን እንዳላት ተጽፎአልን? ፓስፖርቷ በማን እጅ ይሆናል? ለደላላ ስንት ከፈለች፤ ከማንስ ተበደረች? ፊሊፒናውያን ከመነሣታቸው በፊት ስለሚሄዱበት አገርና ስለ መብታቸው ትምህርት መቀበል ግዴታቸው ነው። በእኛ ዘንድ መንግሥት የሚሰጠው ሥልጠና ቢኖርም አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ከልጅቱና ከወላጆቿ ጋር ለአንድ ምሽት ቁጭ ብላ ብትወያይ ብዙ ጥፋት ይቀራል።

በዚያ ሳለች፦ ስልክ ስንደውል የመጀመሪያው ጥያቄያችን ገንዘቡን የሚመለከት አይሁን። «ባለፈው ሳምንት ዐረፍሽ ወይ? ከማን ጋር ዋልሽ?» እንበላት። መልሷ አልወጣሁም የሚል ከሆነ ይህ ቀላል ነገር እንዳልሆነ እንወቅ። በዚያ ከተማ ያሉትን ኢትዮጵያውያን ምእመናን አፈላልገን ስሟን እንስጣቸው።

ስትመለስ፦ በእልልታ ተቀብለን ሻንጣዋን ብቻ አንመልከት። ባዶ እጇን ብትመጣ አናሳፍራት። ዐርፋ እስክትጽናና ድረስ ጊዜ እንስጣት።

በመጨረሻም የሁሉ ከባዱን እንናገር። ፊሊፒናውያን ለሆንግ ኮንግ አሠሪዎች ያቀረቡት ጥያቄ ወደ ገዛ አገራቸውም ተመለሰ። ፊሊፒንስ በ2012 የቤት ሠራተኞችን መብት የሚመለከተውን የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት አጸደቀች፤ በ2013 መጀመሪያም በአገር ውስጥ በሰው ቤት ለሚሠሩት ሁሉ በሳምንት የሃያ አራት ሰዓት ዕረፍት የሚሰጥ ሕግ አወጣች። ለልጆቻቸው በሰው አገር የጠየቁትን በራሳቸው ወጥ ቤት ለምትሠራዋም ሊሰጡ ተገደዱ።

እኛስ? በአረብ አገር ስላለችው ልጃችን በእንባ እንጸልያለን። በዚያው በእሑድ ጧት ግን ከገጠር መጥታ በቤታችን የምትሠራው ልጅ የት ናት? ብዙዎቻችን ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን የምንበላው ምሳ በእርሷ እጅ የተሠራ ነው። ይህን ትምህርት ለማዘጋጀት በተቀመጥን ጊዜ ከእኛ ከአዘጋጆቹ መካከል በቤታቸው ሠራተኛ ያላቸው ነበሩ፤ ቀን የሰጡ ግን አልነበሩም። አሁን ጀምረናል። በመጀመሪያው ሳምንት ልጅቱ «ወዴት እሄዳለሁ?» ብላ በደጅ ቆማ ቀረች፤ የምታውቀው ሰው አልነበረምና። በሁለተኛው ሳምንት የጎረቤት ሠራተኛ አብራት ወጣች። እንግዲህ እናንተም ጀምሩ።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ከአጥቢያችሁ ለቤት ሥራ ወደ ውጭ አገር የሄዱትን በስም ዘርዝሩ። ከእነርሱ የእረፍት ቀን እንዳላቸው በእርግጥ የምታውቁት ስንቱን ነው?

2. በሆንግ ኮንግ የእርዳታው ጽሕፈት ቤት ሠራተኞች ከሚሰበሰቡበት ሜዳ አጠገብ መሆኑ ለምን ጠቀመ? የእናንተ ፕሮጀክት የሚረዳቸው ሰዎች በቀላሉ ሊደርሱበት የሚችሉት ስፍራ ላይ ነውን?

3. የሁለት ሳምንት ደንብና ዕዳ ሠራተኛዋን ዝም እንድትል የሚያደርጓት እንዴት ነው? ከሁለቱ እኛ ከዚህ ሆነን ልናቃልለው የምንችለው የትኛውን ነው?

4. ዘዳግም ምዕራፍ 5 ከቁጥር 12 እስከ 15 አንብቡ። ዕረፍቱ የተሰጠው ለእነማን ነው? ለምን?

5. በቤታችሁ የምትሠራዋ ልጅ በሚመጣው እሑድ ወዴት ትሄዳለች? ከማን ጋርስ ትውላለች?